ስለ ካሽሜር ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትማችን የብርድ ጊዜ ልብሶችን ከዳሰስን በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ካሽሜር፣ ከፍየል ለስላሳ ፀጉር ስለሚሠራው ክር፣ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረዣዥሞቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አንድ ሱቅ ውስጥ «መቶ በመቶ ካሽሜር» የሚል ሹራብ በ70 ዶላር አየሁ። እዚያው ሕንፃ ላይ ሌላ ሱቅ ስገባ ያው «መቶ በመቶ ካሽሜር» 900 ዶላር ተለጥፎበታል። ጽሑፉ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? የምንከፍለው ለስሙ ነው?

መልስ፦ ከፊሉ ለስም ነው፤ የቀረው ግን ፀጉሩ ላይ ያለ ልዩነት ነው። «መቶ በመቶ» ማለት ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም ማለት ብቻ ነው። የተሠራበት ካሽሜር ጥሩ ይሁን ተራ አይናገርም።

በብርድ ሀገር የሚኖሩ ፍየሎች ሁለት ዓይነት ፀጉር ያበቅላሉ። ከላይ የሚታየው ረጅምና ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ቆዳውን ተጠግቶ የሚበቅለው ደግሞ ስስና ለስላሳ። ካሽሜር የሚባለው ይህ የውስጠኛው ፀጉር ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከቻይና፣ በተለይም ከውስጣዊ ሞንጎልያ፣ እና ከራሷ ከሞንጎልያ ነው። እዚያ የክረምቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ብርዱ ሲያልፍ፣ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ፣ ፍየሉ የውስጡን ፀጉር ማራገፍ ሲጀምር አርቢዎቹ ጥርሱ ረጅም በሆነ የብረት ሚዶ እያበጠሩ ይሰበስቡታል። ቆሻሻው ታጥቦ፣ ሻካራው ፀጉር በማሽን ተለቅሞ ሲያልቅ ከአንድ ፍየል በዓመት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ግራም ነው። የአንድ አዋቂ ሹራብ ደግሞ 250 ወይም 300 ግራም ይፈጃል። አንድ የሜሪኖ በግ በአንድ ሸለታ በርካታ ኪሎ ሱፍ እንደሚሰጥ ሲያስቡ የውድነቱ መነሻ ይገባዎታል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሹራቦች እንመለስ። የመጀመሪያው ልዩነት ቅጥነት ነው። የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ ካሽሜር ለመባል አማካይ ውፍረቱ ከ19 ማይክሮን መብለጥ የለበትም፤ ከ30 ማይክሮን የሚወፍረው ፀጉርም በክብደት ከ3 በመቶ በላይ ሊኖርበት አይገባም። ምርጥ የሚባለው ከ14 እስከ 15.5 ማይክሮን ነው። ስለዚህ 15 ማይክሮኑም ሆነ 18.5 ማይክሮኑ «መቶ በመቶ ካሽሜር» ተብሎ ይሸጣል፤ ሁለቱም ሕጋዊ ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ ልብስ አይደሉም።

ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ እንደ እኛ እምነት ለገዢ ከቅጥነትም ይበልጣል። 36 ሚሊሜትር የሚደርስ ፀጉር ሲፈተል ጥብቅ ብሎ ይያያዛል። 28 ሚሊሜትር የሆነው ግን ጫፉ በየቦታው ከክሩ እየወጣ ሹራቡን ቶሎ ያስረጀዋል። ርካሽ ሹራብ የሚሠራው ከአጫጭሩ ነው። ከዚህ ሌላ ነጩ ፀጉር ፈዛዛ ቀለሞችን ስለሚቀበል ከቡናማውና ከግራጫው ይወደዳል። ክሩ ነጠላ ነው ወይስ በሁለት የተገመደ የሚለውም ዋጋ ይለውጣል። ፈተሉ ወይም የሹራብ ሥራው የተካሄደው እንደ ጣሊያኗ ቢየላ ወይም እንደ ስኮትላንዷ ሃዊክ ባሉ የቆየ ሙያ ባላቸው ከተሞች ከሆነ ደግሞ ያም ይጨመራል። ጫፍ ላይ ያለውን ለማሳየት ያህል፦ ሎሮ ፒያና የተባለው የጣሊያን ድርጅት «የሕፃን ካሽሜር» የሚለው ዓመት ካልሞላው ግልገል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበጠር ነው፤ ውፍረቱ 13.5 ማይክሮን፣ ከአንድ ግልገል የሚገኘውም 30 ግራም አካባቢ ነው።

ከአንድ ዋጋ በላይ ግን ፀጉሩ አይሻሻልም። የሚጨመረው ገንዘብ ለሱቁ ኪራይና ለስሙ ነው። ሻጩን ማይክሮኑንና የፀጉሩን ርዝመት ይጠይቁት። ጥሩ ዕቃ የያዘ ሻጭ ቁጥሩን ያውቀዋል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ለእናቴ «ፓሽሚና» የሚል የተለጠፈበት ሻርፕ ገዛሁላት። ሻጩ በጣት ቀለበት አሹልኮ «እውነተኛ ነው» አለኝ። ዋጋው በጣም ስለረከሰብኝ ግን ጠርጥሬአለሁ። ቤት ሆኜ በምን ልለየው?

መልስ፦ መጠርጠርዎ ትክክል ነው። ፓሽሚና የሚባለው በጣም ስስ ከሆነ ካሽሜር የሚሠራ ነው። ቀለበቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ስስ ሐርም ስስ ቪስኮስም (ከእንጨት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ) በቀለበት ይሾልካል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ሕግ «ፓሽሚና» ለልብስ መለያ የተፈቀደ የጥሬ ዕቃ ስም አይደለም። ስለዚህ ከትልቁ ጽሑፍ ይልቅ ስፌቱ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። በርካሽ ከሚሸጠው አብዛኛው ቪስኮስ፣ አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ነው። መለያው ከተቆረጠ ወይም ጭራሹን ከሌለው ይህን ያድርጉ።

ከሻርፑ ዘርፍ ሦስት አራት ክር ይምዘዙ። አንዱን በወረንጦ ይዘው በሳህን ላይ እሳት ያስነኩት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይሸታል፤ እሳቱን ሲያርቁት ቶሎ ይጠፋል፤ የሚቀረውም በጣት ሲጫኑት የሚደቅ አመድ ነው። አክሪሊክና ፖሊስተር ቀልጠው ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናሉ። ቪስኮስ ደግሞ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ሁለተኛውን ክር በብርጭቆ ውስጥ ያልተበረዘ በረኪና ጨምረው ለጥቂት ሰዓት ይተዉት። በረኪና የእንስሳ ፀጉርንና ሐርን አሟሙቶ ያጠፋል፤ ጥጥን፣ ቪስኮስንና አክሪሊክን ግን አያሟሟም። ግማሹ ሟሙቶ ግማሹ ከቀረ ቅልቅል ነው።

ሁለቱም ሙከራዎች የሚነግሩዎት የእንስሳ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ካሽሜሩን ከበግ ሱፍ አይለዩልዎትም። ያንን የሚለየው የቤተ ሙከራ ባለሙያ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ፀጉሩ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ምን ያህል ስስና የተራራቁ እንደሆኑ አይቶ ይወስናል።

እውነተኛው የካሽሚር ፓሽሚና የሚመጣው በሰሜን ሕንድ፣ በላዳክ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለው የቻንግታንግ አምባ ነው። የቻንግፓ ዘላኖች የሚያረቡት ፍየል ፀጉር ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ነው። በጣም ስለሚቀጥን ብቻውን የማሽን ሽመና አይችልም፤ ስለዚህ በእጅ ይፈተላል፣ በእጅ ይሸመናል። ሕንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ምርት በመነሻ ቦታው ስም የተመዘገበ መለያ ሰጥታዋለች፤ ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ያንን ማኅተም ይጠይቅ። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ «ሻህቱሽ» የሚል ሻርፕ ቢያቀርቡልዎት አይንኩት። ፀጉሩ የሚገኘው የቲቤት አንቴሎፕ ተገድሎ ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም የተከለከለ ነው። ጉምሩክ ላይ ከተያዘ መወረስ ብቻ ሳይሆን ክስም ሊያስከትል ይችላል።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ገና አንድ ወር ሳልለብሰው ሹራቤ በብብትና በጎን በኩል ኳስ ኳስ ሠራ። የሸጡልኝ ሰዎች «ካሽሜር ሁሉ እንዲህ ነው» አሉኝ። ተታልያለሁ?

መልስ፦ ያሉት በከፊል እውነት ነው። ምርጡ ካሽሜርም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሠራል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በክሩ ውስጥ ካሉት ፀጉሮች አጫጭሮቹ መፋተግ ሲበዛባቸው ጫፋቸው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ እርስ በርስ ይጠመጠሙና ኳስ ይሆናሉ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ብብት፣ የክንድ ውስጠኛ ክፍልና የቦርሳ ማንገቻ የሚነካው ቦታ ላይ የሚታየው። መኪና የሚነዱ ከሆነ የደህንነት ቀበቶው መስመር ላይም ያገኙታል። ጥሩ ሹራብ ላይ አጫጭሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ወጥተው ያልቃሉ፤ ከሦስት አራት እጥበት በኋላ ነገሩ ይበርዳል። ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ አዲስ ኳስ የሚያወጣ ከሆነ የተሠራው ከአጭር ፀጉር ነው። እንክብካቤ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም።

በጣትዎ እየነቀሉ አይጣሉት፤ አንዱ ሲነቀል አብሮት ደህናው ፀጉር ይሳባል። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በአንድ እጅ ወጠር አድርገው፣ ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ማበጠሪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጥረጉት። በባትሪ የሚሠራ የሹራብ መላጫም ይሆናል፤ ግን አይጫኑት፣ ክሩን ይቆርጠዋል። ሁለት ቀን በተከታታይ አይልበሱት፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ሲያርፍ ፀጉሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ለሚቀጥለው ግዢ፦ ሱቅ ውስጥ ሲዳስሱት ከመጠን በላይ ለስላሳ፣ ጉም ጉም የሚል ሹራብ ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ። አንዳንድ ፋብሪካዎች አጭሩን ፀጉር አብዝተው በማጠብና በማለስለሻ ኬሚካል በመንከር ሱቅ ላይ እንዲያማልል ያደርጉታል። ውበቱ ከጥቂት እጥበት አያልፍም። በደንብ የተፈተለው አዲስ ሲሆን ትንሽ ጠንከር ይላል፤ እየታጠበና እየተለበሰ ነው የሚለሰልሰው። በመዳፍዎ ጥቂት ጊዜ አሸት ያድርጉት፤ ወዲያው ብናኝ ካወጣ ይተዉት። የታችኛውን ጠርዝ ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተሰበሰበ የተጠለፈው ላላ ተደርጎ ነው። ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፤ የሳሳና የወፈረ ቦታ ከተፈራረቀበት ክሩ ወጥ አይደለም።

ጥያቄ (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)፦ እህቴ ከአውሮፓ የካሽሜር ሹራብ ላከችልኝ። ሠራተኛችን ከሌላ ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ አስገብታው የልጅ ልብስ አከለ። ይመለሳል? ሁለተኛም አለኝና እሱን እንዴት ልጠብ?

መልስ፦ በቅድሚያ የተበላሸው። እያንዳንዱ ፀጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ቅርፊቶች አሉ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኛቸው ይከፈታሉ፤ የማሽኑ መገለባበጥ ሲጨመርበት አንዱ ፀጉር ከሌላው ይቆላለፋል። ሹራቡ ወፍሮ፣ የክሩ ጥልፍልፍ አልታይ ብሎ፣ እንደ ብርድ ልብስ ከደነደነ ቁልፉ አይፈታም። ጥልፍልፉ አሁንም በግልጽ የሚታይ ከሆነ ግን ተስፋ አለው፦ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ በፎጣ ውሃውን ካወጡ በኋላ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝተው ከየጠርዙ በቀስታ ይሳቡት። የተወሰነ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሆንም።

አሁን ሁለተኛው። ሳፋ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ። ከ30 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ እጅዎን ሲያስገቡት ሙቀት የማይሰማዎት ይሁን። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሕፃናት ሻምፖ በደንብ በጥብጡበት እንጂ ሹራቡ ላይ አያፍስሱት። የዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ አብዛኞቹ የደምና የምግብ እድፍ እንዲያነሱ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ይጨመርባቸዋል፣ ካሽሜር ራሱ ደግሞ ፕሮቲን ነው። የልብስ ሳሙናም ፀጉሩን ያደርቀዋል። በረኪና ፈጽሞ አይድረስበት፤ ለምን እንደሆነ ከላይ አይተናል። የልብስ ማለስለሻም አያስፈልገውም።

ሹራቡን ገልብጠው ይንከሩት፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይተዉት። አይሹት፤ በመዳፍ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ውሃው እንዲመላለስበት ብቻ ያድርጉ። ሲያወጡት በሁለት እጅ ከሥሩ ደግፈው ያንሱት፤ በትከሻው ከያዙት የጠጣው ውሃ ክብደት ይለጥጠዋል። ተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። ከለብታ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት መለወጥም ያኮማትረዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አይጠምዝዙት። ትልቅ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው ከነፎጣው ይጠቅልሉትና ከላይ ይጫኑት። ፎጣው ከራሰ በሌላ ይድገሙት። ከዚያ በደረቅ ፎጣ ላይ አስተኝተው እጅጌውን፣ አንገቱንና ወገቡን በእጅዎ ወደ ቅርጹ ይመልሱና በጥላ ሥር ይተዉት። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ይገልብጡት። ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አይሰጡት፤ ይረዝማል፣ ትከሻውም ላይ እብጠት ይቀርበታል። የቀትር ፀሐይም አያግኘው፤ ነጩን ቢጫ ያደርጋል፣ ባለ ቀለሙን ያደበዝዛል። ካውያ ካስፈለገ እርጥብ ጨርቅ በመካከል አድርገው በእንፋሎቱ ብቻ ነካ ነካ ያድርጉት። አራት ወይም አምስት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ አንዴ መታጠቡ ይበቃዋል። ገበር ያለውን የካሽሜር ኮት ግን ቤት አያጥቡት፤ ለደረቅ እጥበት ይስጡት።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ በጋውን አስቀምጬ ሳወጣው ሦስት ቦታ ተበስቷል። ብል ነው?

መልስ፦ ነው። የሚበላው ግን የምትበረው አይደለችም፤ የጣለችው እንቁላል ተፈልፍሎ የሚወጣው ትል ነው። ጨለማና የማይነካ ቦታ ይወዳል፤ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ልብስ ደግሞ አስቀድሞ ይመርጣል። ስለዚህ ንጹሕ ቢመስልዎትም ሳይታጠብ አያስቀምጡ። አሁን ያለውን ለመግደል ሹራቡን አየሩ በወጣ ፌስታል አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። በዚያው ጊዜ ቁም ሳጥኑን፣ በተለይ ማዕዘኖቹን፣ በቫኪዩም ያጽዱ፤ የሱፍ ምንጣፍ ካለ ጠርዙን አንስተው ይዩ። ሱቅ የሚሸጠው «ሴዳር» እንጨት፣ የእኛ ጥድ ዘመድ የሆነው፣ ሽታው ትኩስ እስከሆነ ድረስ ትንሽ ያርቃል እንጂ የገባውን አይገድልም። ናፍታሊን ይሠራል፤ ግን ሽታው ከካሽሜር ቶሎ አይለቅም፣ ልጆች ባሉበት ቤትም አንመክረውም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ 10 በመቶ ካሽሜር፣ 90 በመቶ ሱፍ የሆነ ኮት ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላል?

መልስ፦ እንደ ጥሩ የሱፍ ኮት አድርገው ይክፈሉት፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። 10 በመቶ ለዳሰሳ ትንሽ ያለሰልሳል። ለኮት መቶ በመቶ ካሽሜር የግድ አይደለም፤ የእጅጌ ጫፉና የኪስ አፉ ቶሎ ይሳሳል። በየቀኑ ለሚለበስ ከ20 እስከ 30 በመቶ ካሽሜር ያለው የሱፍ ቅልቅል የተሻለ ነው። 5 በመቶ ካሽሜር ከአክሪሊክ ጋር ከሆነ ግን ቃሉ መለያው ላይ የተቀመጠው ለማሳመሪያ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እኛም ብርድ አለን፣ ፍየልም አለን። ለምን ካሽሜር አናመርትም?

መልስ፦ ብርዱ ብቻውን አይበቃም። ፍየሉ የውስጡን ፀጉር እንዲያበቅል የሚያዘው በዋነኛነት የቀኑ ርዝመት መለዋወጥ ነው። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ያበቅላል፤ መርዘም ሲጀምር ዕድገቱ ቆሞ በፀደይ ያራግፈዋል። በሞንጎልያ በበጋና በክረምት መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት ብዙ ሰዓታት ነው፤ በእኛ ኬክሮስ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። የእኛ ፍየሎችም ለብዙ ትውልድ የተመረጡት ለሥጋ፣ ለወተትና ለቆዳ ነው። በቆዳው በኩል የባቲ ፍየል በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራ ነው።

የአካባቢዎ ሀብት ያለው በጉ ላይ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፣ ለአንገት ሻርፕ አይሆንም፤ ለባና፣ ለበርኖስና ለምንጣፍ ግን ጥንካሬው ጥቅሙ ነው። ያንን ለማሻሻል የሚደረግ ሥራ፣ ማለትም በቀለም መለየት፣ በንጽሕና መሸለት፣ ከሸለታ በፊት በጉን ማጠብ፣ ከባዕድ ፍየል ማስመጣት ይልቅ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ካሽሜር የሞንጎልያን ምድር በረሃ እያደረገ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ መግዛት ልተው?

መልስ፦ ችግሩ እውነተኛ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከብቱ ከመንግሥት ወደ ግለሰብ ሲዛወር ገንዘብ የሚያመጣው ካሽሜር ስለነበረ የፍየሉ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ በኋላ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ፍየል ሣሩን ከሥሩ ይግጣል፤ በሰኮናውም የሳሳውን አፈር ይፈረካክሳል። ግጦሹ ሲደክም እንስሳቱ ቀጥነው ክረምት ይገባሉ። ዙድ የሚሉት ከባድ ክረምት በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. መካከል ሲመታ ከ8 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል። በእርግጥ የአየር ንብረቱ መለወጥም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሁሉንም በፍየሏ ማላከክ ልክ አይሆንም።

ፈጽሞ መተው አርቢውን ያለ ገቢ ያስቀረዋል። ጉዳቱን የሚያባብሰው በየዓመቱ ተገዝቶ በየዓመቱ የሚጣለው ርካሹ ሹራብ ነው፤ በሦስት እንዲህ ባሉ ፈንታ ከረጅም ፀጉር የተሠራ አንድ ይግዙና ይጠግኑት። ከአሮጌ ሹራብ ተፈልቅቆ እንደገና የተፈተለም አለ፤ የጣሊያኗ ፕራቶ ከተማ በዚህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታለች። ሲፈለቀቅ ግን ፀጉሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ መቶ በመቶ ዳግም የተፈተለውን ሳይሆን አዲስ ካሽሜር ወይም ደህና የበግ ሱፍ የተቀላቀለበትን ይምረጡ፤ በሁለት የተገመደ ክር መሆኑንም ሳይጠይቁ አይክፈሉ።